አገልጋዩ ሲከብር በሩ ለምን ይዘጋል?

የጠባሴ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው። የወንጌል አማኝ ነኝ፤ ከዘመዶቼ ግማሹ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ስለዚህ ጥያቄዬ ማንንም ከማንም ለማናከስ አይደለም። ሁላችሁም በየአጥቢያችሁ የምታዩትን ብትነግሩኝ እወዳለሁ።

በቅርቡ ስሙ የገነነ አንድ አገልጋይ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ እዚህ አዳራሽ ተከራይቶ ጉባኤ አድርጎ ነበር። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ጉዳዬ ከአንድ ሰው ጋር አይደለም። አክስቴ ከጣርማበር ተነሥታ መጣች። ታማለች፤ ሕክምናዋን አላቋረጠችም፤ ግን እጁን ጭኖ እንዲጸልይላት ጓጉታ ነበር። ለመንገድና ለማደሪያ ብላ በግ ሸጣለች። ገንዘቡን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራዋለች።

ፊት ያሉት ወንበሮች ነጭ ጨርቅ ለብሰው በሪባን ተከልለዋል። እዚያ የሚቀመጡት አንገታቸው ላይ ካርድ ያንጠለጠሉ «ወርኃዊ አጋሮች»፣ በየወሩ ገንዘብ የሚሰጡት፣ ናቸው። እኛ ከኋላ፣ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ቆምን። ስብከቱ አልቆ «የዘር ሰዓት»፣ የመባ መስጫው ማለት ነው፣ ተባለ። መጀመሪያ 50,000 ብር የሚዘሩ ወደ ፊት ተጠሩ፤ ቀጥሎ 10,000፤ እንዲህ እያለ ወረደ። የእኛ ተራ ሲደርስ አክስቴ ቋጠሮዋን ፈታች። ለመመለሻዋ ጥቂት አስቀርታ የቀረውን ሰጠች።

ጸሎቱ የተደረገው ከሪባኑ ወዲያ ላሉት ነው። አክስቴን ይዤ ወደ ጓሮ በር ዞርኩ። መኪናው ሞተሩ ተነሥቶ በሩ ላይ ተጠግቷል፤ ጥቁር ሱፍ የለበሱ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገዱን ዘግተዋል። «እናት፣ አጋር ነዎት?» አላት አንዱ፤ በትሕትና ነው የጠየቃት። አይደለሁም አለችው። «እንግዲያው በዚህ ስልክ ይመዝገቡ» ብሎ ቁጥር ያለበት ወረቀት ሰጣት። አክስቴ ማንበብ አትችልም።

በመኪናው ዋጋ መናደድ ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚናደደውም በእሱ ነው። እኔን ያንገበገበኝ ግን፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ከምንም አስቀድሞ የገዛለት ነገር እንደ አክስቴ ካለ ሰው መራቅን መሆኑ ነው። አገልጋይ ሀብታም ነው ወይስ ድኻ ከማለት ይልቅ፣ ገንዘብ የሌለው ሰው ሊያገኘው ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ አይሻልም? በእናንተስ ዘንድ እንዴት ነው?

ፍቼ ከተማ

ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም ሆኖብን ነው እህቴ። አክስትሽን እግዚአብሔር ይማርልን።

ዘሪው

አክስትሽን ጌታ ይፈውሳት። ፍርድሽ ግን ቸኩሏል። አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ባለበት አንድ ሰው ለሁሉም እጁን ሊጭን ይችላል? አገልጋይ ሥጋ ለባሽ ነው፤ ይደክመዋል፣ ልጆች አሉት፣ ዛቻ የሚደርስበትም አለ። አጃቢ የያዘ ሁሉ ትዕቢተኛ አይደለም።

ደግሞስ ድህነትን ጽድቅ ያደረገው ማን ነው? አብርሃም በከብት፣ በብርና በወርቅ እጅግ ባለጠጋ ነበር። ጳውሎስም በመስበክና በማስተማር የሚደክሙ ሽማግሌዎች እጥፍ ክብር ይገባቸዋል ብሏል። ነጋዴ በውድ መኪና ሲሄድ «ሠርቶ አገኘ» እንላለን፤ አገልጋይ ሲሄድበት ሌባ እናደርገዋለን። ልጆቻችን አገልጋይ መሆን ማለት መራብ ነው ብለው ቢሸሹ ተጠያቂው ማን ይሆናል?

የጠባሴ ልጅ

ወንድሜ ዘሪው፣ ሁሉንም ይንካ አላልኩም። የተጸለየላቸው ሰዎች ነበሩ፤ የተመረጡት ግን በካርድ ነው። አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ሕመምተኞች በዕጣ አሥር ሰው ቢጠራ ኖሮ ለአክስቴ ባይደርሳትም አላዝንም ነበር።

ሱነማዊቷ ሴት ልጇ ሞቶባት ወደ ኤልሳዕ መጥታ እግሩን ስትጨብጥ ግያዝ ሊያርቃት ቀረበ። ኤልሳዕ ግን ነፍስዋ አዝናለችና ተዋት አለው። ነቢዩ ረዳት ነበረው፤ ረዳቱም መከልከል ሥራው መስሎት ነበር፤ ጌታው ግን ሴትየዋን አየ። ያው ግያዝ በሚቀጥለው ምዕራፍ ንዕማንን ተከትሎ ሮጦ፣ በውሸት ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ተቀበለ። ያዘነችውን ሴት የገፋውና ከሀብታሙ ኋላ የሮጠው አንድ ሰው መሆኑን ልብ በልልኝ።

መንዜው ዲያቆን

በእናንተ ቤት ብቻ እንዳይመስልሽ እህቴ። በእኛም ወገን አሁን አሁን አጥማቂ ነኝ የሚል በየከተማው ተነሥቷል። ተራ በገንዘብ የሚታደልበት፣ ቅባቱና መቁጠሪያው የሚቸረቸርበት፣ የታመመ ሰው ሲጮህ በካሜራ ተቀርጾ የሚለቀቅበት ቦታ በዓይኔ አይቻለሁ። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ባለጠጋውም ለማኙም የሚጠመቀው በአንዱ ጠበል ነው። አባቶቻችን ያቆዩን ይህን ነው። ጠበል የግል አገልግሎት የሆነ ዕለት ነገሩ ተበላሸ።

ስለ በሩ ከጠየቅሽ ግን፣ በገጠሩ በሩ አሁንም ክፍት ነው። የእኔ የነፍስ አባት እስከ ቀትር ገብስ ሲያርሱ ይቆያሉ። መዳፋቸው በዕርፍ ብዛት የሻከረ ነው፤ በዚያው እጅ መስቀል ያሳልማሉ። ታማሚ አለ ሲባሉ በሬዎቹን ፈትተው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። መንገዱ ሰላም ባጣበት ጊዜ እንኳ አልቀሩም። እንዲህ ያሉትን ሰው ለማግኘት የሚያስፈልገው ልጅ መላክ ብቻ ነው።

ችግሩ እኒህ አባት የሚቀድሱበት ደብር ዘቢብ አጥቶ ቅዳሴ የሚታጎልበት ሰንበት መኖሩ ነው። ጧፉና ዕጣኑም እንዲሁ። ከዚያ ተነሥተሽ ትልቅ ከተማ ያለ ደብር ብትሄጂ፣ ሕንፃ ያከራያል፣ የሱቅ ገቢ አለው፣ የአስተዳዳሪው ቢሮ ለመግባት ጸሐፊ ማለፍ አለብሽ። አንድ ሲኖዶስ፣ አንድ መንበር፣ ኑሮው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ይህ ከየት እንደመጣም መባል አለበት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የቤተ ክርስቲያኗ መሬት አብሮ ተወረሰ። የገጠሩ ካህን እንደ ማንኛውም ገበሬ የድርሻውን እያረሰ መኖር ጀመረ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ከምእመናን መዋጮ በቀር መተዳደሪያ አጣ። ገንዘብ ያለው ምእመን ደግሞ ያለው ከተማ ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡም፣ የገንዘቡ ጠብም እዚያ ተከማቸ። የጉልቱ ዘመን ይመለስ አልልም፤ ያኔም ገባሩ እየራበው አለቃው የጠገበበት ጊዜ ነበር።

የሮቢት እናት

ልጆቼ ሁላችሁንም አነበብኩ። ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ ካህናቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲጸልዩ አደሩ፤ አንዳቸውም ገንዘብ አልጠየቁኝም፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። የጎዳኝ ተዝካሩ ነው። በሬ ካልታረደ ስሙ ይጠፋል ያለኝ ዘመድ እንጂ ካህን አይደለም። አንድ ቄስ ብቻ ወደ ጓዳ ጠርተው «ለነዳያን ዳቦና ንፍሮ ከሰጠሽ ይበቃል፣ ልጆችሽን አታስርቢ» አሉኝ። እኔም ዘመድ ፈርቼ አረድኩ። ዕዳውን ገና እየከፈልኩ ነው።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያሉ አባት ምን ያህል እንደሚያስፈልጉ እንድታውቁ ነው። ለድግሱ ቢስማሙ ኖሮ እሳቸውም ይበሉ ነበር።

መንዜው ዲያቆን

እማማ፣ እሳቸው ናቸው አባት። እንዲህ ያለውን ምክር ለመስጠት ከድግሱ የማይጠብቅ ሰው መሆን ያስፈልጋል።

በቅርባችን ታሪክ አለን። የደብረ አስቦ፣ የዛሬው ደብረ ሊባኖስ፣ ሦስተኛው አበ ምኔት አቡነ ፊልጶስ በ14ኛው መቶ ዓመት ንጉሡን ዓምደ ጽዮንን በጋብቻቸው ምክንያት ገሠጹ፤ ተሰደዱም። በንጉሥ ግብር ላይ ዓይኑን የጣለ መነኩሴ ያን ቃል ከአፉ ሊያወጣው አይችልም ነበር። እኔ የአገልጋይ ቅንጦት የሚያስፈራኝ በዚህ በኩል ነው። ቤቱ፣ መኪናው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት በሁለት ሦስት ባለሀብት ትከሻ ላይ የቆመ አገልጋይ፣ ባለሀብቱ የሠራተኛ ደመወዝ ሲበላ ምን ብሎ ይናገራል?

ቡልጋ በሜሪላንድ

ከአገር ቤት ከወጣሁ ቆየሁ፤ የምኖርበት አገር የዚህ ነገር ትልቁ ማሳያ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ፤ ታገሡኝ።

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እዚህ አሜሪካ በ2015 ክሬፍሎ ዶላር የተባለው የጆርጂያ ሰባኪ 65 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የግል ጄት አውሮፕላን እንዲገዛለት ተከታዮቹን በይፋ ጠይቋል። በ2018 ደግሞ ጄሲ ዱፕላንቲስ የሉዊዚያናው፣ ዋጋው 54 ሚሊዮን ዶላር የሆነ ሌላ ጄት ፈለገ፤ ከዚያ በፊት ሌሎች አውሮፕላኖች ነበሩት። ወደ ጥያቄሽ የሚያመጣው ግን ምክንያታቸው ነው። ሌላው ሰባኪ ኬኔት ኮፕላንድና ዱፕላንቲስ በቴሌቪዥን ተቀምጠው ለምን ከሕዝብ ጋር በአንድ አውሮፕላን እንደማይሄዱ ሲያስረዱ፣ ኮፕላንድ በመንገደኛ አውሮፕላን መሄድን ከአጋንንት ጋር በረጅም ቱቦ እንደ መግባት አድርጎ ተናገረ። ሰዎች ጸልይልን እያሉ እንደሚያስቸግሩም ተነሥቷል። እህቴ፣ አክስትሽ በዚያ ቱቦ ውስጥ ካሉት አንዷ ናት ማለት ነው። ጸልዩልኝ ባይን መሸሽ ለጄት መግዣ ምክንያት ሆኖ ሲቀርብ የሰማሁት ያኔ ነው፤ አሁንም ያመኛል።

መንግሥት ሞክሮ ነበር። በ2007 ሴናተር ቻክ ግራስሊ የስድስት ትልልቅ አገልግሎቶችን ሒሳብ ጠየቁ። ሁለቱ፣ የጆይስ ማየርና የቤኒ ሂን፣ መልስ ሰጡ፤ አራቱ የተሟላ መረጃ አልሰጡም። በጥር 2011 ምርመራው ማንንም ሳይቀጣ ተዘጋ። እዚህ አገር ሌላው በጎ አድራጎት ድርጅት በየዓመቱ ገቢና ወጪውን ለሕዝብ በሚከፈት ቅጽ ያሳውቃል፤ አብያተ ክርስቲያናት ግን ከዚህ ግዴታ ነጻ ናቸው። ሕጉ ያልደረሰበትን ምእመኑ ካልጠየቀ ማንም አይጠይቅም።

የቴሌቪዥን ሰባኪውን ጂም ባከርንም የምታስታውሱ አላችሁ። «የዕድሜ ልክ አጋርነት» እያለ 1,000 ዶላር ለሰጠ ሁሉ በየዓመቱ በሆቴሉ ሦስት ሌሊት እንደሚያድር ቃል ገባ፤ ሆቴሉ ሊያስተናግድ ከሚችለው በላይ ሸጠ። በ1989 በማጭበርበር ተፈርዶበት 45 ዓመት ተበየነበት፤ በኋላ ተቀንሶለት ጥቂት ዓመታት ታስሮ ወጣ። ራሱም ያስተማረው የብልጽግና ትምህርት ስህተት እንደነበር ጽፏል።

ሌላ መንገድ ግን ነበር፤ ዋናው ልነግራችሁ የፈለግሁት እሱን ነው። ታዋቂው አሜሪካዊ ወንጌላዊ ቢሊ ግራሃም ገና ወጣት ሳለ፣ በ1948፣ በካሊፎርኒያ ሞዴስቶ ከተማ ከባልደረቦቹ ጋር ተቀምጦ ወንጌላውያንን የሚጥለው ምን እንደሆነ አወጡ፤ ገንዘብ ከመጀመሪያዎቹ ነበር። በ1950 በአትላንታ ያደረገው ጉባኤ ሲያበቃ ጋዜጣ የስንብት መባውን ከረጢት ከእሱ ፈገግታ ጎን ለጎን አወጣው። ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ተቀጣሪ ቋሚ ደመወዝ በቦርድ ተቆርጦለት ኖረ፤ መባው ሲጎርፍ ኪሱ አልጎረፈም። ስሙን ያጠፋ የገንዘብ ቅሌት ሳይኖር በ2018፣ በ99 ዓመቱ ሞተ። ቢሊ ግራሃም ድኻ አልነበረም። የሚያገኘውን ግን ሌላ ሰው ይወስንለት ነበር።

ዘሪው

ቡልጋ፣ ይህን የመጨረሻውን እቀበላለሁ። የአሜሪካውን ጄት በእኛ ላይ አትለጥፍ እንጂ፤ የእኛ አገልጋዮች አብዛኞቹ የቤት ኪራይ መክፈል ያቃታቸው ናቸው። አጥቢያችን ያሉትን ፓስተር አውቃቸዋለሁ። የሚከፈላቸው ለአስቤዛ አይበቃም። ሌሊት ሆስፒታል ይሄዳሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ባልና ሚስት ያስታርቃሉ። ለአንድ ምሽት የሚመጣው እንግዳ ግን ሆቴሉ ተከፍሎለት፣ ነዳጁ ተሞልቶለት፣ «የፍቅር ስጦታ» ተብሎ እሳቸው በዓመት የማያገኙት በፖስታ ይሰጠዋል። ይህን ያደረገው ማን ነው? እኛ ምእመናን ነን። ለተገኘልን አንከፍልም፤ ለራቀብን እንከፍላለን። ደመወዝ ሳትቆርጡ ሒሳብ አሳዩን ብትሉ፣ ሰውየው በየቤቱ እየዞረ የሰው እጅ ከማየት በቀር ምን ምርጫ አለው?

የጠባሴ ልጅ

ዘሪው፣ ይህ እውነት ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥህ። የእኛው ፓስተር አክስቴ ያረፈችበት ቤት ድረስ በእግራቸው መጥተው ጸልየውላታል። ሳይጠሩ ነው የመጡት። ለእሳቸው የተሰጠ ፖስታ የለም።

የጓዳ ጸሎት

እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ በደርግ ዘመን ወጣት ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ፣ ንብረቱ ተወርሶ፣ በየሰው ጓዳ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንጸልይበት ጊዜ ነበር። በየተራ ቤት እንቀያየር ነበር። የሚያስተምረን ወንድም ቀን አናጢ ነው፤ ማታ መጋዝና መዶሻውን እንደያዘ ይመጣል፣ ጥርጣሬ እንዳይነሣ። ታስሮ ተፈታ፤ ተመልሶ መጣ። መባ ስንሰበስብ ሁለት እህቶች ቆጥረው ለታሳሪ ቤተሰቦች ጤፍ ይገዙበታል። ለአገልጋይ የሚበላ እንጂ የሚከማች ነገር አልነበረም።

ያን ዘመን አልናፍቀውም፤ ወጣቶች ሞተውበታል። ነጻነቱ ሲመጣ ግን መዝገቡን ጣልነው። የቆዩት ቤተ እምነቶች ሽማግሌዎች፣ ጠቅላላ ጉባኤ፣ የሒሳብ ምርመራ አሏቸው፤ ጉድለት ቢኖርም የሚጠየቅ አካል አለ። አሁን በአንድ ሰው ስም የሚቆም፣ መሥራቹ ሰባኪ፣ ሚስቱ ገንዘብ ያዥ፣ ወንድሙ ጸሐፊ የሆነበት ቤት በዛ። እዚያ ማን ማንን ይጠይቃል? ሳሙኤል ሸምግሎ ሕዝቡን ሰብስቦ «የማንን በሬ ወሰድሁ? የማንንስ አህያ ወሰድሁ?» ብሎ ራሱን ለምርመራ አቀረበ። ነቢይ ነኝ የሚል ሁሉ በዓመት አንድ ቀን ይህን ጥያቄ በሕዝብ ፊት ይጠይቅ።

መንዜው ዲያቆን

አባባ፣ እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው። አንድ ነገር ልጨምር፣ ነገሩ በገንዘብ ብቻ እንዳይቀር።

ዮሐንስ አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ398 የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሲሆን ከእሱ በፊት የነበሩት ያከማቹትን የቤተ መንበሩን ጌጥ ሸጦ ለሕሙማን ማረፊያ አዋለው። የሀብታሞችን ድግስ ተወ፤ ብቻውን ይበላ ነበር። በ403 ጠላቶቹ ሸንጎ ሲቀመጡበት ካቀረቡት ክስ አንዱ ይኸው ብቻውን መብላቱ ነው፤ እንግዳ አይቀበልም አሉት። ክሱ የጠላት ክስ ነው፤ እሱም በስደት በ407 ዐረፈ፤ ለእኛ ቅዱስ ነው። ነገር ግን ልብ የምለው አለኝ፤ የዚያ ዘመን ሰው አገልጋይ በማዕዱ እንዲገኝለት ይጠብቅ ነበር። ቆጣቢ ሆኖ የማይገኝ አባትም አለ። ጫማው የተቀደደ፣ ግን ድኻ ሲቀርበው የሚቆጣ አለ። በደብራችን ከመኪና መኪና ያልለወጡ፣ ምእመን ግን ሰላም ለማለት የሚፈራቸው አለቃ አይተናል።

ዲድስቅልያ የተባለው የጥንት የሥርዓት መጽሐፋችን ድኻ ወይም እንግዳ ወደ ጉባኤ ሲገባ መቀመጫ ባይኖር እንኳ ቦታ እንዲፈለግለት ያዛል። ሪባን የተዘረጋበት አዳራሽ ይህን ትእዛዝ ገልብጦታል።

ሒሳብ አዋቂ

ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ የደብር አስተዳደር በሚመራው በሰበካ ጉባኤም አገልግያለሁ። ስሜቱን ሁላችሁም ተናግራችሁታል፤ እኔ ወደ ሥራው ልግባ።

የኦርቶዶክሱ ቤት ሕግ አለው። ቃለ ዐዋዲ የሚባለው የአስተዳደር ደንብ ከ1965 ዓ.ም ጀምሮ ሰበካ ጉባኤን አቁሟል፤ ካህናትም ምእመናንም በምርጫ ይገቡበታል። እኔ በነበርኩበት ደብር ሙዳየ ምጽዋቱ ብዙ ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ አስተዳዳሪው ጋ፣ አንዱ ገንዘብ ያዡ ጋ፣ አንዱ ከምእመናን ተወካይ ጋ። ማንም ብቻውን አይከፍተውም። ሲከፈት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ በየዓይነቱ ተለይቶ ይቆጠራል፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ሁሉም ይፈርማል፣ በማግስቱ ባንክ ይገባል። ከዚያ ፐርሰንት የሚባለው የገቢው ድርሻ ወደ ወረዳ ቤተ ክህነትና ወደ ሀገረ ስብከት ይሄዳል። ሥርዓቱ ሲጠበቅ ሌብነት ከባድ ነው። ሲፈርስ ግን የሚፈርሰው በመጀመሪያ በስለት በኩል ነው፤ ወርቅ፣ ጃንጥላ፣ ምንጣፍ ሳይመዘገብ በእጅ ሲሰጥ።

አሁን ደግሞ ሙዳየ ምጽዋቱን የሚያልፍ ሌላ መንገድ መጥቷል። «መባችሁን በቴሌብር ላኩ» ተብሎ ስክሪን ላይ ቁጥር ይለጠፋል። ከመላካችሁ በፊት ስልካችሁ የተቀባዩን ስም ያሳያችኋል፤ እዚያ ላይ ቆም በሉ። የወጣው የቤተ ክርስቲያኑ ወይም የአገልግሎቱ ስም ነው ወይስ የአንድ ግለሰብ? የግለሰብ ከሆነ ያ ገንዘብ የሚገባው በሰውየው የግል ሒሳብ ነው፤ ለወላጅ አልባ ሕፃናት ነው ብሎ ቢሰብክም። የባንክ ሒሳብም እንዲሁ ነው፤ ስንት ፈራሚ አለው ብላችሁ ጠይቁ። ባልና ሚስት ፈራሚ ከሆኑ አንድ ፈራሚ ነው ያለው።

ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድኾች የተሰበሰበውን ሲልክ ብቻውን አልያዘም፤ በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጡ ሰዎችን አብሮ ላከ፤ በዚህ ብዙ ገንዘብ ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ። በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ላይ ነው። ሐዋርያ ራሱ ያልተማመነበትን እኛ «ታማኝ ነው» ብለን አንለፈው።

ዘሪው

ሒሳብ አዋቂ፣ ቀደም ሲል መባ ስልክበት የነበረውን የአንድ አገልግሎት ቁጥር አሁን ከፍቼ አየሁት። የወጣው የግለሰብ ስም ነው። ይህን ሰዎቹን በቀጥታ እጠይቃለሁ። አሁንም አገልጋይ ይለመልም እላለሁ፤ ከምን እንደለመለመ ግን ይታወቅ።

የሮቢት እናት

ለነጠላ ቋጣሪዋ አክስትሽ ሰላም በያት። ሐኪም ቤቱን እንዳትተው ንገሪያት። አዲስ አበባ ለሕክምና ስትወርድ ማደሪያ ከቸገራት በግል መልእክት ጻፊልኝ፤ ልጄ ጋ ታርፋለች።

የጠባሴ ልጅ

እማማ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እጽፍልዎታለሁ።

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለዚያ ጉባኤ ስፖንሰር የሆኑት የእኛው ከተማ አብያተ ክርስቲያናት ስለሆኑ የምጠይቀው እንግዳውን ሳይሆን ሽማግሌዎቻችንን ነው። ልጠይቅ ያሰብኩት ይህን ነው፦ የተሰበሰበው ስንት ነው፣ ለእንግዳው የተሰጠው ስንት ነው፣ የተላከበት ቁጥር በማን ስም ነው፣ ወደፊት ለሚደረግ ጉባኤ ፊት ወንበር ለሕሙማንና ለአረጋውያን እንጂ ለካርድ እንዳይሆን ይወሰናል ወይ፣ ለአጥቢያችን ፓስተርስ ኑሮ የሚበቃ ደመወዝ መቼ ነው የሚቆረጠው? የጎደለ ካለ ጨምሩልኝ።

ሒሳብ አዋቂ

ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው። የደመወዙን መጀመሪያ አድርጊው፤ ሽማግሌዎቹ ለመክሰስ እንዳልመጣሽ ያውቃሉ። የአዳራሹን ኪራይ ማን እንደከፈለም ጨምሪ፤ ብዙ ጊዜ መባው የሚያልቀው እዚያ ነው ይባላል፣ ደረሰኙ ግን አይታይም። በቃል አትጠይቂ፣ በጽሑፍ አድርጊው። የእንግዳውን ስም አትጥቀሺ፤ የጉባኤውን ቀን ጻፊ። ሦስት አራት ምእመናን አብረውሽ ይፈርሙ፣ ከተቻለ ከዚያ ቀን ሪባን ውስጥ ከተቀመጡት አንድ ሰው ይኑርበት። ሁለት ቅጂ አዘጋጂ፤ አንዱን ለጸሐፊው ሰጥተሽ በሌላው ላይ ቀንና ፊርማ አስደርጊበት። መልስ ከሌለ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ በአጀንዳ እንዲያዝ ቅጂውን ይዘሽ ትቀርቢያለሽ።

የጠባሴ ልጅ

ከሪባኑ ውስጥ ከነበሩት አንዲት እህት እፈርማለሁ ብላኛለች። ደብዳቤውን በዚህ ሳምንት አስገባለሁ፤ የሚሰጡኝን መልስ ሳልጨምር ሳልቀንስ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።